የሃያ ዓመት ውኃ፦ አንድ የስምጥ ሸለቆ ከተማ ለነገ እንዴት ያቅዳል? ገንዘቡንስ ከየት ያገኛል?

ከሞጆ ተነሥቶ ወደ ሐዋሳ የሚጓዝ መንገደኛ መቂንና ባቱን (ዝዋይን) አልፎ ጥቂት ኪሎ ሜትር እንደተጓዘ አዳሚ ቱሉን ያገኛል። ስሙ በኦሮምኛ «የቁልቋል ኮረብታ» እንደማለት ነው። ከከተማዋ ብዙም ሳይርቅ የዝዋይ (ደምበል) ሐይቅ ተንጣሎ ይታያል፤ ከሐይቁ የሚወጣው የቡልቡላ ወንዝም በዚያው አካባቢ አልፎ ወደ አብያታ ሐይቅ ይወርዳል። ሆኖም በስምጥ ሸለቆው ከተሞችና መንደሮች ጀሪካን የጫኑ የአህያ ጋሪዎችን ማየት የተለመደ ነው። «የአባይን ልጅ ውኃ ጠማው» የሚለው የአበው ተረት ለዚህ አካባቢ የተነገረ ይመስላል።

በሐይቅና በቧንቧ መካከል ያለው ርቀት በኪሎ ሜትር ብቻ አይለካም። በመካከላቸው የኬሚስትሪ ምርመራ፣ የሕዝብ ትንበያ፣ የቧንቧ ስሌት፣ የብድር ውልና የታሪፍ ውሳኔ አሉ። በዚህ ጽሑፍ አንድ ከተማ ለሃያና ሠላሳ ዓመት የሚያገለግል የመሠረተ ልማት ሥራ እንዴት እንደሚያቅድና ወጪውን እንዴት እንደሚሸፍን፣ የመጠጥ ውኃን ዋና ምሳሌ አድርገን እንመለከታለን። ስሌቱ ከአሥረኛ ክፍል ሒሳብ ብዙም አይበልጥም፤ አንባቢያን ወረቀትና እርሳስ ይዘው እንዲከተሉን እንጋብዛለን።

ጥያቄው ከጥርስ ይጀምራል

በስምጥ ሸለቆ ውኃን ለማቅረብ ውኃ ማግኘት ብቻ በቂ አይደለም። የሸለቆው ወለል በእሳተ ገሞራ ድንጋዮችና አመድ የተሞላ ነው። ውኃ በእነዚህ ድንጋዮች መካከል ረጅም ጊዜ ሲቆይ ፍሎራይድ ያሟሟል። በሌላ አካባቢ ቢሆን በውኃው ውስጥ ያለው ካልሲየም ከፍሎራይዱ ጋር ተዋሕዶ የካልሲየም ፍሎራይድ ዝቃጭ ይሆንና መጠኑን ይገታው ነበር። የሸለቆው የከርሰ ምድር ውኃ ግን በአብዛኛው ሶዲየምና ባይካርቦኔት የበዛበት፣ ካልሲየም ያነሰበት ስለሆነ ፍሎራይዱ ሳይዘቅጥ በውኃው ውስጥ ይቀራል።

የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውኃ ያስቀመጠው ወሰን በሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው። በስምጥ ሸለቆ ከዚህ በብዙ እጥፍ የሚበልጥ ፍሎራይድ ያላቸው ጉድጓዶች ተመዝግበዋል። ጥርሱ በሚያድግበት ዕድሜ እንዲህ ያለ ውኃ የሚጠጣ ሕፃን ጥርሱ ይበልዛል፤ መጠኑ ከፍ ብሎ ለብዙ ዓመታት ከተጠጣ ደግሞ አጥንትና መገጣጠሚያ ይደርቃል፣ አከርካሪም ይጎብጣል። በወንጂ የስኳር እርሻ ሠፈሮች በጉድጓድ ውኃ ሳቢያ የደረሰው የአጥንት ፍሎሮሲስ በሕክምና ጽሑፎች በሰፊው ተዘግቧል፤ ፕሮፌሰር ረዳ ተክለ ሃይማኖትን የመሳሰሉ ኢትዮጵያውያን ሐኪሞችም በሸለቆው ሰፊ ጥናት አካሂደዋል። የበለዘ ጥርስ ወደ ቀድሞው አይመለስም። ስለዚህ የውኃ ምንጭ ሲመረጥ የሚሠራ ስሕተት በአንድ ትውልድ አፍ ውስጥ ተጽፎ ይቀራል።

አዳማ ይህን ችግር ካስተናገዱት ከተሞች አንዷ ናት። ቀድሞ በጉድጓድ ውኃ ትገለገል የነበረችው ከተማ በ1990ዎቹ ዓ.ም. የአዋሽን ወንዝ ውኃ በማጣሪያ ጣቢያ እያጣራች ወደ መጠቀም ተሸጋግራለች። የወንዝ ውኃ ደለሉን ማዝቀጥ፣ በአሸዋ ማጣራትና በክሎሪን ማከም ይጠይቃል፤ ፍሎራይዱ ግን ከጥልቅ ጉድጓዶቹ ያንሳል። ሌላው መንገድ ሁለት ውኃዎችን ማደባለቅ ነው። አንዱ ጉድጓድ በሊትር 6 ሚሊግራም፣ ሌላው ምንጭ 0.5 ሚሊግራም ፍሎራይድ ቢኖራቸው፣ ድብልቁ ከ1.5 እንዳይበልጥ ከመጀመሪያው መውሰድ የሚቻለው 18 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። በአንድ ትንሽ ጉድጓድ ቁፋሮ የተጀመረ ዕቅድ ሁለተኛ ምንጭ፣ ረጅም መስመርና ትልቅ ብድር የሚጠይቀው እንዲህ ባለው ምክንያት ነው።

ሃያ ዓመት ወደፊት መቁጠር

ምንጩ ከታወቀ በኋላ የሚቀጥለው ጥያቄ «ለስንት ሰው?» የሚል ነው። እዚህ ላይ የሀገራችን ዕቅድ አውጪዎች ከባድ ችግር ይገጥማቸዋል። ሦስተኛው የሕዝብና ቤት ቆጠራ የተካሄደው በ1999 ዓ.ም. ነው። አራተኛው በ2010 ዓ.ም. እንዲካሄድ ታስቦ በተደጋጋሚ ተራዝሟል። ስለዚህ የከተማ መሐንዲስ የሚነሣው ከቆጠራ ሳይሆን ከትንበያ ነው።

ለስሌታችን ያህል ዛሬ 20,000 ነዋሪ ያላት አንዲት የስምጥ ሸለቆ ከተማ እንውሰድ። ቁጥሩ ምሳሌ ብቻ ነው። ሕዝቧ በየዓመቱ በ4 በመቶ ቢያድግ ከሃያ ዓመት በኋላ

20,000 × (1.04)²⁰ = 43,800 ገደማ

ይሆናል። ዕድገቱ 3 በመቶ ቢሆን 36,100፣ 5 በመቶ ቢሆን ደግሞ 53,100 ገደማ እናገኛለን። በትንበያው ላይ የአንድ በመቶ ወደ ላይና የአንድ በመቶ ወደ ታች ልዩነት ከሃያ ዓመት በኋላ የ17,000 ሰዎች ልዩነት ያመጣል። ዕድገቱን አሳንሶ የገመተ ዕቅድ ዘመኑ ሳያልቅ ይጠባል። አጋንኖ የገመተው ደግሞ ሳይመጡ ለቀሩ ሰዎች የተሠራውን ወጪ ዛሬ ባሉት ነዋሪዎች ላይ ይጭናል።

ይህ ግምት ከከተማዋ ውጪ በሚደረጉ ውሳኔዎችም ይለዋወጣል። በ2013 ዓ.ም. የተመረቀው የቡልቡላ የተቀናጀ አግሮ ኢንዱስትሪ ፓርክ የሚገኘው በዚሁ በአዳሚ ቱሉ ጅዶ ኮምቦልቻ ወረዳ ነው። ፋብሪካ ሠራተኛን ይጠራል፤ ሠራተኛ ቤትን፣ ቤትም ውኃን። ከሞጆ ሐዋሳ የተነደፈው የፈጣን መንገድም በዚሁ ሸለቆ ያልፋል። ያለፉትን ዓመታት መስመር በማስመሪያ ወደፊት መቀጠል ብቻ የማይበቃው ለዚህ ነው።

አሁን ሰውን ወደ ውኃ እንለውጥ። በሁለተኛው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ መስፈርት ከ20,000 እስከ 50,000 ሕዝብ ላለው ከተማ የተቀመጠው የአቅርቦት ግብ ለአንድ ሰው በቀን 50 ሊትር ነበር። ስለዚህ ለ43,800 ሰው በቀን 2,190 ሜትር ኩብ ያስፈልጋል። ለትምህርት ቤት፣ ለጤና ጣቢያ፣ ለንግድና ለአነስተኛ ፋብሪካ 30 በመቶ ስንጨምር 2,847 ሜትር ኩብ ይሆናል። ከሚመረተው ውኃ 25 በመቶው በቧንቧ ስንጥቅና በቆጣሪ ጉድለት ይባክናል ብንል፣ መመረት ያለበት 2,847 ÷ 0.75 = 3,796 ሜትር ኩብ ነው። በበጋ ወራት ፍላጎት ከአማካዩ ከፍ ስለሚል በ1.2 እናባዛው፤ በቀን 4,555 ሜትር ኩብ፣ ማለትም በሴኮንድ 53 ሊትር ያህል እናገኛለን።

ብክነቱን ልብ እንበል። 25 በመቶው ወደ 15 በመቶ ቢወርድ መመረት ያለበት የቀን ውኃ ከ3,796 ወደ 3,350 ሜትር ኩብ ገደማ ይቀንሳል። ስንጥቅ መጠገን ያለ ቁፋሮ የሚገኝ ጉድጓድ ነው ማለት ይቻላል።

ቧንቧው ዛሬ፣ ፓምፑ በየደረጃው

ለሃያ ዓመት የሚያስፈልገውን ሁሉ ዛሬ መሥራት ይገባልን? መልሱን የሚሰጠን የፈሳሾች ፊዚክስ ነው። ሙሉ በሆነ የውኃ ቧንቧ ውስጥ፣ የግፊት ብክነቱ እኩል ሲሆን፣ የሚያልፈው የውኃ መጠን ከቧንቧው የውስጥ ስፋት 2.63ኛ ርቢ ጋር አብሮ ያድጋል። ከ200 ሚሊሜትር ቧንቧ ይልቅ 250 ሚሊሜትር ብንቀብር ስፋቱ በ25 በመቶ ብቻ ሲጨምር የሚያስተላልፈው ውኃ ግን በ80 በመቶ ያህል ይጨምራል። የጉድጓዱ ቁፋሮ፣ የመንገዱ መሰበርና መልሶ መጠገን ወጪ ደግሞ በሁለቱም ብዙ አይለያይም። ስለዚህ ዋናውን መስመር ከመጀመሪያው አስፍቶ መቅበር ያዋጣል።

የፓምፕ ነገር ግን ከዚህ የተለየ ነው። በሴኮንድ 53 ሊትር ውኃ 60 ሜትር ከፍ ወዳለ ማጠራቀሚያ ለማንሣት፣ የፓምፑና የሞተሩ ብቃት በአንድነት 65 በመቶ ቢሆን፣ 48 ኪሎ ዋት ያህል ኃይል ያስፈልጋል። ዛሬ ግማሹ ብቻ የሚያስፈልግ ከሆነ ትልቁን ፓምፕ ገዝቶ ከአቅሙ በታች ማሠራት ኤሌክትሪክ ማባከን ነው፤ የፓምፕ ዕድሜም ከቧንቧ ዕድሜ እጅግ ያጥራል። ስለሆነም አዋቂ ዕቅድ አውጪ ለሦስት ፓምፖች የሚሆን ቤት ሠርቶ ሁለቱን ይተክላል፤ የሦስተኛውን ቦታ ለሚመጣው ዘመን ይተዋል። ይህ አሠራር በደረጃ መገንባት ይባላል። ያልተገዛው ፓምፕ ገንዘብ ዛሬ ለሌላ ሥራ ይውላል፤ ከአሥር ዓመት በኋላም ትንበያው ትክክል መሆኑ ከታየ ብቻ ይገዛል።

ገንዘቡ ከየት ይመጣል?

የከተማ ገንዘብ ምንጮች ጥቂት ናቸው። የየራሳቸው ጠባይም አላቸው።

የመጀመሪያው የከተማው የራሱ ገቢ ነው። የኦሮሚያ ከተሞች በክልሉ አዋጅ ቁጥር 65/1995 መሠረት የከተማ አስተዳደር ሆነው ሲቋቋሙ የማዘጋጃ ቤት አገልግሎቶችን ከማዘጋጃ ቤት ገቢ እንዲሸፍኑ ተደርጓል። ከእነዚህ ገቢዎች ትልቁ በአብዛኛው የመሬት ሊዝ ነው። በሀገራችን የከተማ ቦታ በሊዝ አዋጅ ቁጥር 721/2004 መሠረት ለተወሰነ ዘመን ይሰጣል። ሊዝ ግን አንድ አደገኛ ጠባይ አለው፤ አንድ ቦታ ለረጅም ዘመን የሚተላለፈው አንድ ጊዜ ነው። ከሊዝ የተገኘን ገንዘብ ለመንገድና ለቧንቧ ማዋል አንዱን ቋሚ ሀብት በሌላ ቋሚ ሀብት መተካት ነው፤ ለደመወዝና ለነዳጅ ካዋሉት ግን ዘርን እንደመብላት ይቆጠራል። በ2017 ዓ.ም. የጸደቀው የንብረት ታክስ አዋጅ ከተሞች በየዓመቱ የሚታደስ ገቢ እንዲኖራቸው መንገድ የሚከፍት ነው።

ሁለተኛው ከክልልና ከፌዴራል መንግሥት የሚመጣ ድጎማ ነው። እዚህ ላይ የሚጠቀስ ሥርዓት አለ። በዓለም ባንክ ድጋፍ እ.ኤ.አ. በ2008 በጥቂት ከተሞች የተጀመረው የከተሞች ልማት ፕሮግራም፣ በሁለተኛው ምዕራፉ (2014) 44 ከተሞችን፣ በ2018 በተተካው የከተሞች የተቋማትና የመሠረተ ልማት ልማት ፕሮግራም ደግሞ 117 ከተሞችን አቅፏል። አዳማ ከመጀመሪያዎቹ አንዷ ነበረች። የፕሮግራሙ ፍሬ ነገር ገንዘብን ከአፈጻጸም ጋር ማሠሩ ነበር። ከተማው በየዓመቱ የሚከለስ የሦስት ዓመት የካፒታል ኢንቨስትመንት ዕቅድና የንብረቶቹን አያያዝ የሚያሳይ ዕቅድ ያዘጋጅ፣ ሒሳቡን ያስመረምር፣ የራሱንም ድርሻ ያዋጣ ነበር። በየዓመቱ ተመዝኖም እንደ ውጤቱ ድጋፍ ያገኝ ነበር። በብዙ ከተሞች የምናያቸው የኮብልስቶን መንገዶችና የጎርፍ መውረጃዎች በከፊል የዚህ ሥርዓት ውጤቶች ናቸው። የሦስት ዓመቱ ዕቅድም በበኩሉ በከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574/2000 ከሚመራው መዋቅራዊ ፕላን፣ ማለትም በተለምዶ ለአሥር ዓመት ያህል ከሚያገለግለው የከተማው ካርታ መቀዳት አለበት።

ሦስተኛው ብድር ነው። አንድ የኢትዮጵያ ከተማ በራሱ ስም ከውጭ አበዳሪ ዘንድ ሄዶ አይበደርም። የውጭ ብድርን የሚዋዋለው የፌዴራል መንግሥት ነው፤ ገንዘቡም በሕግ በተቋቋሙ መንገዶች ወደ ከተሞች ይወርዳል። ለውኃ የተቋቋመው መንገድ በአዋጅ ቁጥር 268/1994 የተመሠረተው የውኃ ሀብት ልማት ፈንድ ነበር። ሐሳቡ ግልጽ ነው፤ የከተማ ውኃ ወጪውን ከተጠቃሚው ክፍያ ይመልሳል፣ ከአንዱ ከተማ የተመለሰው ገንዘብም ለሌላው ይበደራል።

ትልልቅ መንገዶች ደግሞ ከከተማ አቅም በላይ ስለሆኑ በሀገር ደረጃ ይሠራሉ። እ.ኤ.አ. በ2014 የተመረቀው 85 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝመው የአዲስ አበባ አዳማ የፈጣን መንገድ ከቻይና ኤግዚም ባንክ በተገኘ ብድርና በመንግሥት በጀት የተሠራ ነው፤ ተሽከርካሪዎችም ክፍያ ይከፍሉበታል። 200 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆነው የሞጆ ሐዋሳ መንገድ በአራት ምዕራፍ ተከፍሎ አራት የተለያዩ አበዳሪዎች ተገኝተውለታል፦ ለሞጆ መቂ የአፍሪካ ልማት ባንክ፣ ለመቂ ዝዋይ የደቡብ ኮሪያ መንግሥት፣ ለዝዋይ አርሲ ነገሌ የዓለም ባንክ፣ ለአርሲ ነገሌ ሐዋሳ የቻይና ኤግዚም ባንክ። አንድን ትልቅ ሥራ ለየብቻቸው ጥቅም በሚሰጡ ክፍሎች መከፋፈል ገንዘብ የማግኛ ዘዴ ጭምር መሆኑን ከዚህ እንማራለን።

ብድሩ በጀሪካን ሲለካ

ወደ ምሳሌ ከተማችን እንመለስ። የውኃ ሥራው 200 ሚሊዮን ብር ይፈጃል፣ ገንዘቡም በ3 በመቶ ወለድ በ25 ዓመት ተመላሽ የሚሆን ብድር ነው እንበል። እኩል ዓመታዊ ክፍያን የሚሰጠው ቀመር

ክፍያ = ብድር × ወለድ ÷ [1 − (1 + ወለድ)⁻²⁵]

ነው። ቁጥሮቹን ስናስገባ በዓመት 11.5 ሚሊዮን ብር ያህል እናገኛለን። በመጀመሪያው ዓመት 20,000 ሰዎችና ድርጅቶቻቸው በቀን 1,300 ሜትር ኩብ፣ በዓመት 474,500 ሜትር ኩብ ውኃ ይገዛሉ። ስለዚህ የብድሩ ዕዳ ብቻ በሜትር ኩብ 24 ብር ያህል ይደርሳል። አንድ ሜትር ኩብ ሃምሳ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ይሞላል፤ በጀሪካን 48 ሳንቲም ማለት ነው። ወለዱ 8 በመቶ ቢሆን ኖሮ 79 ሳንቲም ይሆን ነበር። የኤሌክትሪክ፣ የኬሚካል፣ የደመወዝና የጥገና ወጪ ገና አልተቆጠረም።

በሃያኛው ዓመት ተጠቃሚው በዝቶ በቀን 2,847 ሜትር ኩብ ሲሸጥ ያው የ3 በመቶ ዕዳ በሜትር ኩብ ወደ 11 ብር ይወርዳል። ከዚህ የምንረዳው ብድሩ ከሁሉ የሚከብደው ሥራው ገና በተጀመረበት፣ ተጠቃሚው ባልበዛበት ጊዜ መሆኑን ነው። የረጅም ጊዜ ብድሮች ብዙ ጊዜ የችሮታ ዘመን የሚጠይቁት፣ ታሪፍም በፍጆታ ደረጃ ተከፍሎ ጥቂት የሚጠቀመው ድሃ በዝቅተኛው ዋጋ እንዲከፍል የሚደረገው ለዚህ ነው።

እዚህ ላይ የፍትሕ ጥያቄ ይነሣል። ቧንቧው ለሃያ አምስት ዓመት የሚያገለግል ከሆነ ዋጋውን ዛሬ ያለው ነዋሪ ብቻ ቢከፍል ልክ አይሆንም፤ በብድር መልክ ለሚመጡት ተጠቃሚዎችም ማካፈል ተገቢ ነው። በአንጻሩ ቧንቧው በአሥር ዓመት ከተበላሸ፣ ዛሬ በክፍል ውስጥ የተቀመጠው ተማሪ አድጎ ለሌለ ውኃ ዕዳ ይከፍላል። ስለዚህ የብድሩ ዘመን ከሥራው ዕድሜ መብለጥ የለበትም።

ዕቅድ የሚሰናከልባቸው ቦታዎች

አንደኛው መሰናክል ጥገናን መርሳት ነው። አዲስ ሥራ ይመረቃል፤ ጥገና ግን ሪባን የለውም። በመንገድ ዘርፍ ይህን ለመከላከል በአዋጅ ቁጥር 66/1989 የመንገድ ፈንድ ተቋቁሞ በነዳጅ ላይ ከሚጣል ክፍያ ለጥገና የሚውል ገንዘብ እንዲለይ ተደርጓል። የከተማ ውኃ አገልግሎትም ከታሪፉ የፓምፕ መተኪያ ገንዘብ በየወሩ ካላስቀመጠ፣ ፓምፑ የተቃጠለ ዕለት ለማኝ ይሆናል።

ሁለተኛው የምንዛሪ ለውጥ ነው። ውኃው በብር ይሸጣል፤ ፓምፑና ብዙው የማጣሪያ ዕቃ ግን በውጭ ምንዛሪ ይገዛል። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ሥርዓቱ ሲለወጥ 57 ብር ገደማ የነበረው የአንድ ዶላር ዋጋ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆኗል። በዶላር የተዋዋለ ከተማ ቢኖር፣ አንድ ሜትር ቧንቧ ሳይጨምር ዕዳው በብር ሲቆጠር በእጥፍ ሊቀርብ ይችል ነበር።

ሦስተኛው የምንጩ ራሱ ዕድሜ ነው። የዝዋይ ሐይቅ ስፋቱ ከ400 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ቢሆንም ጥልቀቱ ከ10 ሜትር አያልፍም። መቂና ካታር ወንዞች ይመግቡታል፤ ቡልቡላ ትርፉን ወደ አብያታ ያወርዳል። ጥልቀቱ አነስተኛ የሆነ ሐይቅ ሰፊ ገጹ ለትነት የተጋለጠ ስለሆነ፣ መስኖ፣ ፋብሪካና ከተማ በአንድነት ሲቀዱበት መጀመሪያ የሚጎዳው መጨረሻ ላይ ያለው ነው። መውጫ የሌለው አብያታ ባለፉት አሥርት ዓመታት በእጅጉ መሸሹ የዚህ ምስክር ነው። አንዱ ከተማ ለብቻው የሠራው ትክክለኛ ስሌት፣ ሁሉም ከተሞች አንዱን ሐይቅ ለየብቻቸው ከቆጠሩት በድምሩ ስሕተት ይሆናል።

ለማጠቃለል፣ የረጅም ጊዜ መሠረተ ልማት አራት ጥያቄዎችን በቅደም ተከተል መመለስ ነው፦ ምንጩ ንጹሕና ዘላቂ ነውን? ለስንት ሰው? የትኛው ዛሬ፣ የትኛው ነገ ይሠራ? ማን፣ መቼ፣ በምን ያህል ይክፈል? የመጀመሪያው የኬሚስትሪና የጂኦሎጂ፣ ሁለተኛው የስታቲስቲክስ፣ ሦስተኛው የፊዚክስ፣ አራተኛው የሒሳብና የኅሊና ጥያቄ ነው። ከአራቱ አንዱ ሳይመለስ ቁፋሮ ከተጀመረ የአህያው ጋሪ ሥራውን አያጣም።

ለአንባቢያን የተተወ ስሌት፦ ከላይ በተጠቀሰችው ከተማ ብክነቱ ከ25 ወደ 40 በመቶ ቢያድግ በሴኮንድ ስንት ሊትር ማምረት ግድ ይሆናል? የፓምፑስ ኃይል ከ48 ኪሎ ዋት ወደ ስንት ከፍ ይላል? ስሌቱን ከጨረሱ በኋላ በየሠፈራችሁ ቧንቧ ፈንድቶ ስንት ቀን እንደሚፈስ ልብ ብላችሁ ቁጠሩ።